የአንድ ግጭት ልጆች፦ ስለ ቅንጣቶች ተዛምዶ

ሐዋሳ ላይ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ፤ በመጨረሻ ከተነሱት ጥያቄዎችም ሁለቱን ጨምሬያለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። ሐይቁ ዳር ነፋስ መቀበል በሚያምርበት ሰዓት ስለ ፕሮቶን ለመስማት እዚህ በመቀመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ጊዜያችሁን ላለማባከን በቀጥታ ከቃሉ ልነሳ።

የዛሬውን ርእስ ሳዘጋጅ «ኮሪሌሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዳለ ልወስደው አስቤ ነበር። በስታቲስቲክስ መጻሕፍታችን ውስጥ ያለውን «ተዛምዶ» ሳየው ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። የቃሉ ሥር ዘመድ ነው። ሁለት ሰዎች ዘመዳሞች ናቸው ስንል ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለታችን አይደለም፤ አንዱ ሞያሌ፣ ሌላው መቀሌ ሊኖር ይችላል። የሚያዛምዳቸው ከኋላቸው ያለ የጋራ ነገር ነው። ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ደግሞ ፍጹም ባዳ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ የምሠራበት የፊዚክስ ዘርፍ ሥራው በሙሉ ይህ ነው፦ ከአንድ ግጭት የወጡ ሁለት ቅንጣቶችን አይቶ «ዘመዳሞች ናችሁ ወይስ ባዳ? ዘመዳሞችስ ከሆናችሁ በማን በኩል?» ብሎ መጠየቅ።

መሣሪያውን ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ ድንበር ሥር፣ ወደ 100 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ የቀለበት ዋሻ አለ። ሴርን የተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ተቋም ትልቁ ቅንጣት አጋጪ ያለው እዚያ ነው። ፕሮቶኖች በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ በሴኮንድ ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞሩታል። እያንዳንዱ 6.5 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ኢነርጂ ሲይዝ (ኤሌክትሮን ቮልት የቅንጣቶች ኢነርጂ መለኪያ ነው፤ አንድ ቴራ ሺህ ጊጋ ነው) ፍጥነቱ ከብርሃን የሚያንሰው በሴኮንድ 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር በሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ፍጥነት ማለት ነው።

ሁለቱ ፕሮቶኖች ሲጋጩ የሚሆነውን ማንም አይቶት አያውቅም፤ ወደፊትም አያየውም። የፕሮቶን ራዲየስ 0.84 ፌምቶ ሜትር ነው፤ ፌምቶ ሜትር ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር ትሪሊዮንኛ ነው። ብርሃን ያንን ያህል ርቀት ለማቋረጥ የሚፈጅበትን ሴኮንድ ለመጻፍ ብትፈልጉ፣ ከነጥቡ በኋላ 23 ዜሮዎች ደርድራችሁ ነው 3 የምትጽፉት። ቅንጣቶቹን የሚመዘግበው መሣሪያ፣ ዲቴክተሩ፣ የመጀመሪያው ሽፋኑ ግን ከግጭቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ቅንጣቶቹ እዚያ ሲደርሱ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። የሠርጉን ድንኳን ሳናይ፣ ከሠርግ የሚመለሱትን ሰዎች መንገድ ላይ ቆመን ልብሳቸውንና አካሄዳቸውን እያየን ድንኳኑ ውስጥ ምን እንደነበረ ለማወቅ እንደመሞከር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ስናያቸው ነው ነገሩ የሚገለጠው።

አሞራ ገደልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ሲመለሱ፣ አባ ኮዳዎቹም በሰው መሃል ቆመው ድርሻቸውን ሲጠብቁ፣ በር ላይ አንድ ልጅ አስቀምጡና በየሩብ ሰዓቱ የሚገባውን ሰው ይቁጠር። በአማካይ 9 ሰው ይገባል እንበል። እያንዳንዱ ሰው ሌላውን ሳያውቅ በራሱ ሐሳብ የሚመጣ ከሆነ፣ ቁጥሩ ከ9 ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቀው በ3 ያህል ነው፤ የ9 ዳግም ዘር። ይህ በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በፖይሶን ስም የሚጠራው ስርጭት ነው። አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ ሦስት ሦስት እየሆነ በባጃጅ ይመጣል እንበል። አማካዩ ያው 9 ነው። መዋዠቁ ግን ከ5 ያልፋል፤ አንድ ባጃጅ በቀረ ቁጥር ሦስት ሰው አብሮ ይቀራልና። ልጁ ባጃጅ አልቆጠረም፤ የቆጠረው ሰው ነው። እኛ ግን ከመዋዠቁ ብቻ ተነስተን ሰዎቹ በቡድን እንደመጡ፣ አልፎም ስንት ስንት ሆነው እንደመጡ ማወቅ እንችላለን።

በፊዚክሱም የሆነው ይኸው ነው። በ1972 ኮባ፣ ኒልሰንና ኦሌሰን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት፣ የግጭቱ ኢነርጂ እጅግ ሲያድግ የቅንጣቶቹ ብዛት ስርጭት በአማካዩ ተመዝኖ ሲታይ ቅርጹን አይለውጥም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ1980ዎቹ ዩኤ5 የተባለው ቡድን ሴርን ውስጥ ፕሮቶንና ፀረ ፕሮቶን በ540 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሲያጋጩ አይቶ ቅርጹ እንደሚለወጥ አሳየ፤ ስርጭቱ እየሰፋ ይሄዳል። መረጃው ኔጌቲቭ ባይኖሚያል ከሚባለው ስርጭት ጋር በደንብ ገጠመ። በ1986 ጆቫኒኒና ቫን ሆቭ ስርጭቱን እንዲህ ብለው አነበቡት፦ ቅንጣቶች በቡድን በቡድን ይወለዳሉ፤ ቡድኖቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉት ግን ከአንድ አባት የወጡ ናቸው። ለቡድኖቹ የሰጡት ስም «ጎሳ» የሚል ነበር። እኛ «ተዛምዶ» ስንል የደረስንበት ቦታ እነሱም በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል፤ ይህ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

ብዛት መቁጠር ብቻውን ግን ሩቅ አይወስድም። ጥንድ ጥንዱን ማየት ያስፈልጋል። ከአንድ ግጭት ሁለት ቅንጣት እንወስድና በመካከላቸው ያለውን የማዕዘን ልዩነት እንለካለን። ይህንን ለጥንዶቹ ሁሉ፣ ለግጭቶቹ ሁሉ እንደግማለን። ከዚያ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፦ ያገኘነው ብዛት ብዙ ነው ወይስ ትንሽ ለማለት ከምን ጋር እናነጻጽረው? ዲቴክተሩ ራሱ ያረጀ ወይም የማያይ ጎን ይኖረዋል፤ ቅንጣቶቹም በየማዕዘኑ እኩል አይበተኑም። ንጹህ የባዳ ጥንድ ያስፈልገናል።

መፍትሔው፣ ለእኔ፣ በሙያዬ ካየኋቸው ሐሳቦች ሁሉ በቀላልነቱም በጥልቀቱም የሚበልጥ ነው። ዛሬ ገበያ የወጣን ሰው ከትናንት በስቲያ ከወጣ ሰው ጋር ማጣመር ነው። እነዚህ ሁለቱ እዚያ ገበያ ላይ ተያይተው አያውቁም። እንደዚሁም አንዱን ቅንጣት ከአንድ ግጭት፣ ሌላውን ከሌላ ግጭት እየወሰድን የውሸት ጥንድ እንሠራለን። የዲቴክተሩ ጉድለት በእውነተኛውም በውሸተኛውም ጥንድ ላይ እኩል ስላለ፣ አንዱን ለአንዱ ስናካፍል ይጠፋል። ውጤቱ 1 ከሆነ ቅንጣቶቹ ባዳ ናቸው። ከ1 ከበለጠ ይፈላለጋሉ፤ ካነሰ ይሸሻሻሉ። ዝምድናን ለማወቅ አስቀድሞ ባዳነት ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ፤ ብዙ አስተምሮኛል። ተማሪ ሳለሁ በኮምፒውተር የተሠሩ ግጭቶችን ስተነትን፣ በየትኛውም ማዕዘን፣ እጅግ በተራራቁ ቅንጣቶች መካከል ሳይቀር፣ ከ1 የሚበልጥ ተዛምዶ አገኘሁ። መስመሩ ከፍ ብሎ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘርግቷል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወረቀቱን ይዤ ወደ አማካሪ መምህሬ ስገባ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «የውሸት ጥንዶቹን ከምን ዓይነት ግጭት ወሰድካቸው?» ካገኘሁት ሁሉ ነበር የወሰድኩት፤ 10 ቅንጣት የወጣበትንም፣ 100 የወጣበትንም ሳልለይ።

ችግሩን በእኛው ገበያ ልግለጠው። ዐቢይ ጾምን አስቡ። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ የፈላጊው ቁጥር በጾም ወራት ይጨምራል እንበል። በከተማው ሁለት ጫፍ ያሉ ሁለት ዓሣ ቤቶች፣ ባለቤቶቻቸው ተዋውቀው የማያውቁ፣ የዓመት ሽያጫቸውን ብታነጻጽሩ አብሮ ሲወጣ አብሮ ሲወርድ ታያላችሁ። ተስማምተው ይሆን? የለም፤ ጾሙ ነው። የጾሙን ቀን ከጾሙ ቀን፣ የፍስኩን ከፍስኩ ጋር ብቻ ስታነጻጽሩ ያ ሁሉ ስምምነት ይጠፋል። የእኔም መስመር ግጭቶቹን በቅንጣታቸው ብዛት መድቤ ሳጣምራቸው ወደ 1 ወርዶ ተኛ። ባዳዎቹን በደንብ ስላልመረጥኩ ነበር ዘመድ ያየሁት።

ሆኖም ያንን ጠፍጣፋ መስመር ስህተት ብሎ ጥሎ ማለፍም ሌላ ስህተት ነው። ጾሙ ራሱ እኮ እውነተኛ ነገር ነው! በፕሮቶኖች ግጭት ውስጥ «ጾሙ» ማን እንደሆነ ብንጠይቅ ትልቅ መልስ እናገኛለን። ፕሮቶን ኳርክ የተባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶችና እነሱን የሚያያይዙት ግሉዎኖች የሞሉበት ከረጢት ነው። ሁለት ከረጢት ሲጋጭ አንዳንዴ አንድ ጥንድ ብቻ ይላተማል፤ አንዳንዴ፣ በተለይ መሃል ለመሃል ሲገናኙ፣ ብዙ ጥንድ ባንድ ጊዜ ይላተማል። ያኔ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚወጣው ቅንጣት አብሮ ይበዛል። የፊትና የኋላ ተዛምዶ የምንለው ይህ ነው፤ ኢነርጂው ሲጨምር እሱም እንደሚጨምር ተለክቷል። ስዊድናዊው ሾስትራንድና ፋን ዛይል በ1987 ይህን የብዙ ጥንድ መላተም በሞዴል ቀርጸው አቀረቡት፤ ዛሬም የምንጠቀምባቸው ብዙዎቹ ሞዴሎች ከዚያ ሐሳብ አይወጡም።

የተራራቁ ቅንጣቶች ተዛምዶ ሌላም ነገር ይናገራል፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን። ከሐዋሳ መናኸሪያ ባንድ ሰዓት ሁለት አውቶቡስ ተነሳ እንበል፤ አንዱ ወደ ሻሸመኔ፣ ሌላው ወደ ዲላ። ስልክ የለም። ሻሸመኔ የወረደው መንገደኛና ዲላ የወረደው መንገደኛ አንድ ዓይነት ወሬ ሲያወሩ ከተገኙ፣ ወሬውን የሰሙት የግድ መናኸሪያው ውስጥ ነው። መንገድ ላይ ሊነጋገሩ አይችሉም። በተቃራኒ አቅጣጫ በብርሃን ፍጥነት ገደማ የሚሸሹ ሁለት ቅንጣቶችም ከተነሱ በኋላ የሚላላኩበት ጊዜ የላቸውም። ዝምድና ካላቸው ያመጡት ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ነው።

ስለ ሞዴሎቹ ልናገር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ስዊድን ሉንድ ከተማ ውስጥ ቦ አንደርሶንና ባልደረቦቹ አንድ ሥዕል ይዘው ተነሱ። ኳርክ ከኳርክ ሲለይ በመካከላቸው የሚዘረጋው መስክ እንደ ማግኔት መስክ በየአቅጣጫው አይበተንም፤ ተጠቅልሎ ቀጭን ክር ይሆናል። የክሩ ውጥረት በአንድ ፌምቶ ሜትር 1 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። ይህን በምናውቀው መለኪያ ብናሰላው 16 ቶን ጭነት ለማንጠልጠል የሚበቃ ጉልበት ነው፤ ከፕሮቶን በቀጠነ ክር ላይ! እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ ክሩ እንዝርቱ ላይ ቢበጠስባቸው ጫፍና ጫፉን መልሰው ያያይዙታል። የሉንድ ክር ሲበጠስ ግን በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ አዲስ ኳርክ ይወለዳል፤ በአንደኛው ኳርክ፣ በሌላው ፀረ ኳርክ። ክሩ እየተበጠሰ ይሄድና ቁርጥራጮቹ እኛ የምንለካቸው፣ ፓዮን የሚባሉ ቀላል ቅንጣቶችና ሌሎችም ይሆናሉ። ስለዚህ በክሩ ላይ ጎረቤት የነበሩ ሁለት ቁርጥራጮች ያንኑ የመበጠሻ ቦታ ይጋራሉ። አንዱ የወሰደው ቻርጅ ተቃራኒ ሌላው ጋ አለ። የቅርብ ተዛምዶ የሚባለው አብዛኛው ክፍል በዚህ ይገለጻል። ፒቲያ የሚባለው፣ ግጭቶችን አስመስሎ የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ በነጻ ይገኛል።

የሞመንተም ጥበቃም የራሱ ተዛምዶ አለው። አንዱ ወደ ግራ ከተፈተለከ ሌላው ወደ ቀኝ መሄድ አለበት። ተማሪዎቹ ታውቁታላችሁ፤ አልዘገይበትም።

የምዘገየው በከዋክብቱ ላይ ነው። ሮበርት ሀንበሪ ብራውንና ሪቻርድ ትዊስ በ1956 ሁለት መስታወት አራርቀው አቁመው ሲሪየስ የተባለውን ኮከብ ብርሃን ለኩ። የለኩት የብርሃኑን ድምቀት መዋዠቅ ብቻ ነበር። በአንዱ መስታወት ብርሃኑ ድንገት ደመቅ ሲል በሌላውም ደመቅ ይላል፤ መስታወቶቹ ሲራራቁ ይህ መተባበር ይጠፋል። የሚጠፋበት ርቀት የኮከቡን ስፋት ይናገራል። ብዙ የፊዚክስ ሰዎች መጀመሪያ ይህ ሊሆን አይችልም ብለው ተከራከሯቸው። በኋላ አውስትራሊያ ናራብራይ ላይ በሠሩት መሣሪያ የ32 ከዋክብትን ስፋት ለኩበት።

በ1960 ደግሞ ካሊፎርኒያ በርክሊ ውስጥ፣ ጌርሰን ጎልድሀበርና ሱላሚት ጎልድሀበር ከሊና ከፓይስ ጋር ሆነው ከፀረ ፕሮቶን ግጭት የወጡ ፓዮኖችን ሲመረምሩ፣ አንድ ዓይነት ቻርጅ ያላቸው ፓዮኖች ከሚጠበቀው በላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጠጋግተው አገኟቸው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ አንድ ዓይነት የሆኑ፣ ቦዞን የሚባሉ ቅንጣቶች ማን ማን እንደሆነ መለየት ስለማይቻል፣ ኳንተም መካኒክስ ሁለቱንም መንገድ ይደምራል፤ ሲደምር አብሮ መገኘት ይበዛል። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ እንደሚባለው ነው፤ እዚህ ግን ዘመድነቱ ፍጹም መመሳሰል ነው። የሁለቱ ፓዮኖች የሞመንተም ልዩነት 0.2 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲደርስ መተባበሩ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ይህ ስፋቱ 1 ፌምቶ ሜትር ለሆነ ምንጭ ነው። በኮከብ ላይ የሠራ ሒሳብ፣ ቅርጹ ሳይለወጥ፣ የፕሮቶን ያህል ለሚያንስ ነገርም ሠራ። በትልቁ አጋጪ የተለካውም ብዙ ቅንጣት በወጣ ቁጥር ምንጩ እንደሚሰፋ ያሳያል። ይህንን ውጤት መጀመሪያ ያነበብኩበትን ቀን አልረሳውም፤ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁና ሰማዩን አየሁ።

ወደ ዋናው እንቆቅልሽ ደረስን። በመስከረም 2010፣ በእኛ 2003 ዓ.ም. በገባ ሰሞን፣ በትልቁ አጋጪ የሚሠራው ሲኤምኤስ የተባለው ቡድን በ7 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ከተጋጩ ፕሮቶኖች መካከል ከ110 በላይ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች የወጡባቸውን ብርቅ ግጭቶች ለይቶ አየ። ሁለት ማዕዘን አስቡ። አንዱ ቅንጣቱ በፕሮቶኖቹ መስመር ላይ ምን ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እንዳዘነበለ የሚነግረን ነው። ሁለተኛው በመስመሩ ዙሪያ ያለው ነው፤ ከዋሻው ፊት ለፊት ቆማችሁ እንደ ግድግዳ ሰዓት ብታዩት፣ ቅንጣቱ በ3 ቁጥር በኩል ወጣ ወይስ በ9። ያገኙት ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ማዕዘን እጅግ የተራራቁ ቅንጣቶች በሁለተኛው ማዕዘን ባንድ በኩል ይወጣሉ። አንዱ ወደ ሻሸመኔ፣ ሌላው ወደ ዲላ እየሄደ ሁለቱም በ3 ቁጥር በኩል። በግራፉ ላይ ሲታይ እንደ ተራራ ጀርባ ረጅም ሸንተረር ሆኖ ስለሚዘረጋ ስሙም ሸንተረር ሆነ። ፒቲያን ጨምሮ በጊዜው የነበሩት የተለመዱ የኮምፒውተር ሞዴሎች ሸንተረሩን አላሳዩም።

ለምን ይህ አስደነገጠ? ሸንተረሩ ቀድሞም በከባድ አተሞች ግጭት ታይቶ ነበር። አሜሪካ ብሩክሄቨን ውስጥ ወርቅን ከወርቅ ሲያጋጩ፣ ኳርኮችና ግሉዎኖች ከቅንጣት ተፈትተው ጠብታ የመሰለ ፈሳሽ እንደሚሠሩ በ2005 አስታውቀዋል። ሁለት የወርቅ አተም እምብርቶች ጎን ለጎን ሲላተሙ የሚደራረቡበት ቦታ እንደ ለውዝ ሞላላ ነው። ፈሳሽ ደግሞ ከሞላላው በቀጭኑ በኩል በኃይል ይገፋል። ስለዚህ ቅንጣቶች ሁሉ ያንኑ አቅጣጫ ይመርጣሉ፤ ወደ ፊት የሚሄደውም ወደ ኋላ የሚሄደውም። ወርቅ ወደ 200 የሚጠጉ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች አሉት። አንድ ፕሮቶን ግን አንድ ነው! አንዲት የውሃ ጠብታ በጣም ስታንስ ጠብታ መሆኗ የሚቀርበት ወሰን የት ነው? ጥያቄው ይህ ነው።

ሦስት ታሪክ ይነገራል። የመጀመሪያው፣ ፕሮቶኖቹ ውስጥም ቢሆን ፈሳሽ ጠብታ ይፈጠራል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ፈሳሽ አያስፈልግም ይላል፤ ፕሮቶኑ በዚህ ኢነርጂ በግሉዎን ተጨናንቋል፣ ግሉዎኖቹም ሲጀመር ተዛምደው ነው የሚወጡት። ማክለራንና ቬኑጎፓላን ከ1994 ጀምረው የገነቡት ሐሳብ ነው፤ ከአውቶቡሶቹ ምሳሌ ጋር በደንብ ይሄዳል፤ ወሬው መናኸሪያ ውስጥ ነበርና። ሦስተኛው ከሉንድ የመጣ ነው፦ ብዙ ክሮች ባንድ ጠባብ ቦታ ሲደራረቡ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ አንዳንዶቹም ተገምደው ገመድ ይሆናሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ቃል በቃል የሚሠራ ሞዴል ነው፤ የተገመደው ክር ውጥረቱ ስለሚበረታ ሲበጠስ ከተራው ክር ይልቅ ከባዱን ስትሬንጅ ኳርክ ይወልዳል።

ማን ትክክል እንደሆነ ለመለየት ጥንድ ማየት አልበቃም። ሁለት ሰው ወደ አንድ ጎን ቢያይ ጓደኛሞች ሊሆኑ ይችላሉ። አራትም ስድስትም ሰው ባንድ ጊዜ ወደዚያው ካየ ሁሉንም የሚያንቀሳቅስ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ሲኤምኤስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አራት አራትና ስድስት ስድስት ቅንጣት እያጣመረ ሲለካ ተዛምዶው አልጠፋም። አሊስ የተባለው ቡድን በ2017 እንዳሳተመው ደግሞ ስትሬንጅ ኳርክ ያላቸው ቅንጣቶች ድርሻ፣ የቅንጣቶቹ ብዛት ሲጨምር፣ ከፕሮቶን ግጭት እስከ እርሳስ (ከባዱ ብረት) አተሞች ግጭት በአንድ ተከታታይ መስመር ያድጋል። ይህ ሁሉ ጠብታውን ይደግፋል። በሌላ በኩል በእርሳስ ግጭት ጄት የምንለው ፈጣን የቅንጣት ጅረት በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ ኢነርጂ ያጣል፤ በፕሮቶን ግጭት ይህ አልታየም። ፈሳሽ ካለ ለምን አላዘገየውም?

አንድ ሥራ በተለይ አደንቃለሁ። ከአሁኑ አጋጪ በፊት በዚያው ዋሻ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን የተባለው ፀረ ቅንጣቱ ይጋጩ ነበር። አሌፍ የተባለው ቡድን ከ1992 እስከ 1995 የመዘገበውን መረጃ ተመራማሪዎች ከማኅደር አውጥተው፣ በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ ሸንተረሩን ፈለጉት፤ ያን ጊዜ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ለማይናገር መረጃ አቀረቡለት። ሸንተረሩ አልተገኘም። ኤሌክትሮን ከረጢት አይደለም፤ በውስጡ የሚጨናነቅ ግሉዎን የለም፤ የሚደራረብም ብዙ ክር የለም። ባዳውን በደንብ መርጦ የማነጻጸር ጥበብ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

እኔ ወዴት አዘነብላለሁ? ጥቂት ቅንጣት በሚወጣባቸው ግጭቶች የመጀመሪያዋ ቅጽበት፣ ብዙ በሚወጣባቸው ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው መገፋፋት የበላይነቱን ይይዛል ብዬ አምናለሁ። መገፋፋቱን ፈሳሽ እንበለው ወይስ ክር፣ ገና አልተለየም። በሐምሌ 2025 አጋጪው ኦክስጅንን ከኦክስጅን አጋጭቷል። ኦክስጅን 16 ፕሮቶንና ኒውትሮን ስላለው በፕሮቶንና በእርሳስ መካከል ያለውን ሰፊ ክፍተት ይሞላል፤ ጄት ኢነርጂ ማጣት የሚጀምርበትን ወሰን ለመፈለግ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ንግግሩ እንዳለቀ አንዲት እናት ከኋላ ተነስተው «ልጄ፣ በደንብ ሰማሁህ። ግን ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» አሉኝ። እንዲህ አልኳቸው፦ እማማ፣ ፕሮቶኑ ለነገው ገበያ የሚጨምረው ነገር የለም፤ እንዲህ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ባዳውን የመምረጡን ነገር ግን ይውሰዱት። ዝናብ ካለፈ በኋላ በሁለት ቀበሌ የወባ ሕመምተኛ ባንድ ሳምንት ቢበዛ፣ አንዱ ቀበሌ ለሌላው አስተላለፈ ከማለታችን በፊት ዝናብ የዘነበበትን ሳምንት ዝናብ ከዘነበበት ሳምንት ጋር ብቻ እናነጻጽራለን። ከዚያ በኋላ የሚተርፍ ዝምድና ካለ እሱን እንፈልጋለን። እሳቸውም «እንግዲያስ ጾሙን ከጾሙ ጋር ማለትህ ነዋ» አሉና ተቀመጡ።

ሁለተኛዋ የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነበረች። «አጋጪው ሩቅ ነው፤ እኔ ከየት ልጀምር?» አለች። መረጃው ሩቅ አይደለም አልኳት። ሴርን ከ2014 ጀምሮ የግጭት መረጃዎችን ለማንኛውም ሰው በነጻ ክፍት አድርጓል። ፒቲያም በተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ መብራት ካልጠፋ በአንድ ሌሊት ሚሊዮን ግጭት ያመነጫል። በየሺው ግጭት ፋይሉን እንድታስቀምጪ፤ እኔ ይህን የተማርኩት የስድስት ሰዓት ሥራ በአንድ የመብራት መቋረጥ ጠፍቶብኝ ነው። መጀመሪያ ግን እውነተኛዎቹን ጥንዶች አትንኪያቸው። ግጭቶቹን በቅንጣት ብዛት መድቢ፤ ከዚያ የውሸት ጥንዶችን ለሁለት ክፈይና አንዱን ግማሽ ለሌላው ግማሽ አካፍዪ። መስመሩ በየማዕዘኑ 1 ላይ ካልተኛ የተሳሳተው ነገር እስኪገኝ ድረስ እዚያው ቆዪ። ሲተኛ ደግሞ ግራፉን ይዘሽልኝ ነይ፤ እውነተኛዎቹን አብረን እንከፍታቸዋለን።